ግሩፑን ከመዝጋታችሁ በፊት፦ ከአንድ የኮንዶሚኒየም አድሚን

የምኖረው ልደታ አካባቢ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እንደ ብዙ ብሎክ እኛም የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የተከፈተው ለውሃ ነበር፤ ፈረቃችን መቼ እንደሆነ፣ ፓምፑ መነሳቱን፣ ታንከሩ መሙላቱን ለመነጋገር። እያደር የጥበቃ ደሞዝ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ደረጃ ላይ የተሰጣ በርበሬ፣ የሚከራይ ክፍልና የጠፋ ቁልፍ ሁሉ እዚያው ሆነ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ በአንገቱ ሰላም ብሎኝ የሚያልፍ ጎረቤት ግሩፑ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ይጽፍልኛል።

ይህን የምጽፈው የብሎክ፣ የዕድር፣ የወላጆች ወይም የድሮ ተማሪዎች ግሩፕ አድሚን ለሆናችሁ ነው። አድሚንነት መጀመሪያ ላይ ሹመት ይመስላል። ከዚያ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ «አድሚን ነሽ አይደል? ዝም ብለሽ ነው የምታዪው?» የሚል መልእክት ይመጣል።

የመጀመሪያው ትልቅ ጠብ የተነሳው በደረሰኝ ነው፤ በ2014። ያኔ አድሚን እኔ አልነበርኩም። ፓምፑ ተቃጠለ፣ ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጣ፣ ተሠራ። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጎረቤት «የጥገናውን ደረሰኝ ብትለጥፉልን» ብሎ ጻፈ። ጨዋ ጥያቄ ነበር። ገንዘቡን የያዙት አባት ግን «ሌባ ተባልኩ» ብለው ወሰዱት። ልጃቸው አባቴ ተደፈረ ብላ ገባች። አንዱ ቮይስ ላከ፣ ሌላው በቮይስ መለሰ። (ጠብ ከጽሑፍ ወደ ቮይስ ከተሻገረ ነገሩ ጠንክሯል ማለት ነው። ቮይስ ቁጣውን ከነትንፋሹ ይዞ ይመጣል፤ የሁለት ደቂቃ ቮይስ ደግሞ ማንም እስከ መጨረሻው አይሰማም፣ ሁሉም ከመሐሉ የሰማትን አንዲት ቃል ይዞ ነው የሚመልሰው።) ሳይነጋ ደረሰኙ ተረስቶ ማን ከየት እንደመጣ ይወራ ጀመር። ማይክ ጎድዊን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990 የኢንተርኔት ክርክር በረዘመ ቁጥር አንዱ ሌላውን ከናዚ ወይም ከሂትለር ጋር ማመሳሰሉ አይቀርም ብሎ ነበር። እኛ ብሎክ ናዚ ድረስ አልሄድንም፤ ከፓምፕ ተነስቶ ዘር ለመድረስ ግን ሠላሳ መልእክትም አልፈጀብንም።

ያኔ አድሚን የነበረው ሰው በመጀመሪያ ለገንዘብ ያዡ የሚያደላ ረጅም መልስ ጻፈ። ወዲያው ማንም እንዳይጽፍ ግሩፑን ዘጋ። ቀጥሎ የሌሊቱን መልእክት ሁሉ ጠራርጎ አጠፋና ደረሰኝ የጠየቀውን ሰው አስወጣው። ክፋት አልነበረበትም፣ ነገር ማብረዱ ነበር። ጠዋት ስንነሳ ግሩፑ የተጠረገ ግቢ መስሎ ጠበቀን።

እዚህ ላይ ብዙ አድሚን የማያስበው ነገር አለ። ዋትስአፕ ላይ መልእክት ሲሰረዝ መሰረዙን የሚናገር ምልክት በቦታው ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ምንም አይቀርም፤ እንዳልተጻፈ ይሆናል። ስለዚህ በማግሥቱ ሰው ስለ ደረሰኙ መጣላቱን ትቶ ማን ምን እንዳለ ይጣላ ጀመር። ስክሪንሹት ያነሳውም የራሱ ስድብ የሌለበትን ብቻ መርጦ ነው ያነሳው። ሳምንቱ ሳያልቅ «እውነተኛው የብሎክ ግሩፕ» የሚል ሌላ ግሩፕ ተከፈተ።

ከሁሉ የባሰው ግን ለቅሶው ነው። ግሩፑ እንደተዘጋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአንዷ ጎረቤታችን እናት አረፉ። እንደ ልማዳችን ግሩፑ ላይ ሊነገር ሲል መጻፍ አይቻልም፤ አድሚኑም ሥራ ላይ ነበርና ስልኩን አላየም። ወሬው በር ለበር ሲዞር ቀብሩ አለፈ። ለቀብር ያልደረሰ ጎረቤት «ግሩፑ ተዘግቶ ነው» ብሎ ሲያስረዳ ምን እንደሚመስል አስቡት። ዛሬም ድረስ እነዚያ ሁለት ቤቶች እንደ ድሮው አይደሉም።

ከዚህ በኋላ እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ስብሰባ ተቀመጥንና «ስልክ የምትችል እሷ ናት» ተብዬ አድሚን ሆንኩ። አንዲት ታችኛው ፎቅ የሚኖሩ እናት ሲወጡ እጄን ያዙና «ልጄ፣ የራሱን ተናግሮ የሌላውን አፍ የሚዘጋ ገላጋይ አይባልም፤ እሱ ሦስተኛ ጠበኛ ነው» አሉኝ። ስለ ውይይት መዝጋት ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ የእሳቸው ንግግር ማብራሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መጀመሪያ የተወገደውን ሰው መለስኩት። በግሩፑም ላይ «ደረሰኝ የጠየቁት ወንድማችን ተመልሰዋል፤ ጥያቄያቸው ገና አልተመለሰም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ገንዘብ ያዡ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። ደረሰኙ ከነማህተሙ ቁምሳጥን ውስጥ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል! ሰውየው ፎቶ አንስተው ግሩፕ ላይ መለጠፍ አይችሉበትም ነበር፤ ያንን መናገር አፍረው ነው ቁጣ የሆነባቸው። ቡና ጠጣን፣ እኔ ፎቶ አንስቼ በእሳቸው ስም ለጠፍኩ። ያ ሁሉ ጠብ እስከ ማታ አለቀ። ስለዚህ የምትዘጉት ውይይት ውስጥ ያልተመለሰ ጥያቄ ካለ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ፤ ጥያቄው ሳይመለስ የዘጋችሁት ነገር በሌላ ግሩፕ ይከፈታል።

ቀጥሎ አድሚኖቹን ቀነስን። ግማሹ ብሎክ አድሚን ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ሦስት ነን፦ እኔ፣ አንድ ከኮሚቴው፣ አንድ ከተከራዮች። «ተከራይ ለምን?» ያሉኝ ነበሩ። ባለቤቶች በማህበሩ ስብሰባ ድምፅ አላቸው፤ ተከራዩ ድምፁን የሚያሰማበት ግሩፑ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አፉ ሲዘጋ ከማንም በላይ እሱ ይጎዳል። ለአዲስ አድሚኖችም ይቺን ልንገራችሁ፦ ቴሌግራም አድሚኖች ብቻ የሚያዩት የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች ዝርዝር አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ የትኛው አድሚን ምን እንዳጠፋና ማንን እንዳስወጣ፣ የጠፋውንም መልእክት ጭምር ያሳያል። ከ48 ሰዓት በኋላ የለም። «እገሌ ሰደበኝ፣ አድሚኑ ደበቀለት» የሚል አቤቱታ ሲመጣ ሳታመነቱ እዚያ ግቡና አረጋግጡ።

ከመዝጋት በፊት ደግሞ ማዘግየት አለ። ስሎው ሞድ የሚባለውን ካበራችሁት አንድ ሰው መልእክት ከላከ በኋላ የተወሰነ ጊዜ ሳይቆይ ሌላ መላክ አይችልም፤ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ይመረጣል። እኔ ነገር ሲሞቅ 5 ደቂቃ ላይ አደርገዋለሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰው ወይ ይረጋጋል ወይ ወጡ ያርርበትና ይነሳል። ችግሩ ስሎው ሞድ አድሚንን አይነካም። ሌላው አምስት ደቂቃ እየጠበቀ እናንተ እንደ ልባችሁ የምትመልሱ ከሆነ ሰው ያየዋል፣ ይናደዳልም። ስለዚህ እኔም ሰዓት እያየሁ ነው የምጽፈው።

በ2015 የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለአምስት ወር ያህል በቪፒኤን ካልሆነ የማይገባበት ጊዜ መጣ። ግሩፑን ማንም ሳይዘጋው ለግማሹ ብሎክ ተዘጋ። ቪፒኤን ያላቸው ወጣቶች የጥበቃ ደሞዝ እንዲጨመር ተነጋግረው ተስማሙ፤ ሽማግሌዎቹ ደሞዙ መጨመሩን የሰሙት ሊከፍሉ ሲጠየቁ ነው። ትክክል አልነበረም፤ ጭማሪው ተገቢ ቢሆንም። ከዚያ ወዲህ አንድ ውይይት ሲዘጋ የተባለውን በአጭሩ ጽፈን፣ አትመን፣ የጥበቃው ቤት መስኮት ላይ እንለጥፋለን። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ብዛት እስካሁን ይገርመኛል፤ ስማርት ስልክ ያለው ሳይቀር ቆሞ ያነባል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ክረምት ነበር፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ንጋት ላይ አንድ ጎረቤታችን የመኪናውን ፎቶ ለጠፈ፦ ሁለቱም ስፖኪዮ ተነቅሏል፣ ሽቦው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥባል። «የማታ ተረኛ ማን ነበር?» አለ አንዱ። ወዲያው ሌላው የጥበቃውን ፎቶና ሲቀጠር ያስገባውን የመታወቂያ ኮፒ ለጠፈው። ስሙ፣ የትውልድ ቀበሌው፣ የዋሱ ስም ሁሉ አለበት። «እነዚህ ሰዎች» የሚል አረፍተ ነገር ተጀመረ፤ እንዴት እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ። ቁርስ ሳይደርስ ፎቶው ወደ ሌሎች ግሩፖች ፎርዋርድ መደረጉ ተነገረኝ።

መጀመሪያ ፎቶውንና መታወቂያውን ብቻ አነሳሁ። ሌላውን አልነካሁም። ምልክት ስለማይቀር በራሴ ስም ጻፍኩበት፦ «እዚህ የነበረ የአንድ ሰው ፎቶና መታወቂያ አንስቻለሁ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሌላው ጽሑፍ እንዳለ ነው።» ያቺ መስመር ጠቅማኛለች፤ ምን እንደጠፋና ማን እንዳጠፋው ሁሉም ስላወቀ ያንን የሚጠይቅ አልነበረም።

ግሩፑን ከመዝጋቴ በፊት ግን ለመኪናው ባለቤት ደወልኩ። ሰው ንብረቱ ተሰርቆበት ገና ሲናገር አፉ ቢዘጋበት በአንድ ሌሊት ሁለቴ ተዘረፈ ማለት ነው። «ጋሼ፣ ሕዝቡ እየጨሰ ነው፣ ልዘጋው ነው። እርስዎ የሚሉትን ይጻፉና ከእርስዎ በኋላ እዘጋለሁ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ጻፉ፦ «ለፖሊስ ላመለክት እየሄድኩ ነው። ማንንም አልጠረጠርኩም። ያየ ሰው ካለ ይደውልልኝ።» ያቺ «ማንንም አልጠረጠርኩም» ከእኔ አፍ ብትወጣ ማንም አይቀበላትም ነበር። ከዚያ ዘጋሁ። የመዝጊያውን ጽሑፍ እንዳለ አስቀምጥላችኋለሁ፣ የፈለገ ይውሰደው፦

«ስለ ስፖኪዮው የጀመርነው ውይይት እስከ ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ቆሟል። እስካሁን የተባለው፦ ንብረት ጠፍቷል፣ ባለቤቱ ለፖሊስ እያመለከቱ ነው። ያልታወቀው፦ ማን እንደወሰደው። መረጃ ያለው ለባለቤቱ ወይም ለኮሚቴው ይደውል። በዚህ አሠራር ቅር ያለው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ማታ 1 ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ።»

ማታ 1 ሰዓት ላይም ከፈትኩት። እባካችሁ፣ በሰዓቱ ክፈቱ። አንድ ጊዜ ብታሳልፉት ከዚያ በኋላ «ለጊዜው» ስትሉ የሚያምናችሁ አይኖርም። ደግሞ በመዝጊያችሁ ላይ «ሁላችሁም ሥርዓት ያዙ» ብላችሁ አትጻፉ። ግሩፑ ውስጥ ካለው ሰው አብዛኛው አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ለምን ይገሠጻል?

ከመንገዱ ማዶ ያለ ሱቅ ካሜራ ነበረው። ሁለት ልጆች በጓሮ በኩል አጥር ሲዘሉ ታዩ፤ ጥበቃው በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት በር ላይ ነበር። ነጻ መሆኑን ግሩፑ ላይ ጻፍን፣ መስኮቱም ላይ ለጠፍን። ከሌሎቹ ግሩፖች ግን ፎቶውን ማንሳት የእኔ ሥልጣን አይደለም። የአንዱ ግሩፕ አድሚን በጨዋነት አነሳልኝ፤ ሌላው «ሌባ ካልሆነ ምን ይፈራል?» ብሎ ሳቀብኝ። ጥበቃው ሥራውን ለቀቀ። ሲሄድ የጠየቀው ማህተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነበር፤ ማህበሩ ንጹሕ መሆኑን ጽፎ ሰጠው። አጥፎ የውስጥ ኪሱ ሲከተው አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን ፍርድ ቤት አካባቢ የሚሠራ ጎረቤታችን ሕጉን አስረዳን። በ2008 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ወይም ምስል ማሰራጨትን በተበዳዩ አቤቱታ ያስቀጣል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሰውን በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ለይቶ ጥላቻ መቀስቀስን ይከለክላል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃም ቅጣቱ ይከብዳል። ይህን ለማስፈራሪያ አትጠቀሙበት። እኔ የምጠቅሰው በውስጥ መስመር፣ ለለጠፈው ሰው ብቻ ነው፤ «ለራስህ ብዬ ነው ያነሳሁት» ሲባል ሰው ይሰማል።

አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ፕሮግራመር ልጅ ደግሞ ትልልቆቹ መድረኮች እንዴት እንደሚዘጉ አሳየኝ። ዊኪፔዲያ ላይ አዘጋጆች በአንድ ጉዳይ ሲከራከሩ ክርክሩን የሚዘጋው ያልተሳተፈበት ሰው ነው፤ ምን ላይ እንደተደረሰ ማጠቃለያ ይጽፋል፣ ክርክሩም በሣጥን ውስጥ ሆኖ ለማንበብ ክፍት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በተጀመረውና ፕሮግራመሮች በሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ በሦስት ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ድምፅ ይዘጋል፤ ምክንያቱ ከጥያቄው ጋር ተጽፎ ይታያል፣ ጠያቂው አስተካክሎ ሲመልሰው በድምፅ ይከፈታል። ታችኛው ፎቅ ያሉት እናት ኢንተርኔት ሳይነኩ የነገሩኝ ነገር ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ያልተሳተፈ ሰው ከየት ይመጣል? ሁላችንም አንድ ውሃ ነው የምንጠብቀው። እኛ ያደረግነው ይህ ነው፦ ጉዳዩ የእኔን ፎቅ የሚነካ ከሆነ ተከራዩ አድሚን ይዘጋል፤ ተከራይን የሚነካ ከሆነ እኔ። በጉዳዩ ላይ አንድ ቃል የጻፈ አድሚን ያንን ውይይት አይዘጋም። ይህን ሕግ መጀመሪያ የጣሰው የኮሚቴው አድሚን ነበር፤ ሰዎቹ ራሳቸው «እርስዎ ተናግረዋል፣ ሌላ ይዝጋው» ብለው መለሱት። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ በደንብ ተኝቻለሁ።

ግሩፑንም በቶፒክ፣ ማለትም በየርእሱ፣ ከፋፈልነው። የውሃው ቶፒክ ላይ የሚጽፈው አድሚን ብቻ ነው። ጭቅጭቅ የሚበዛበት የመኪና ማቆሚያው ነው፤ ሲያስፈልግ እሱ ብቻ ይዘጋል፣ የተጻፈው ይነበባል፣ ሌላው ቦታ ሥራው ይቀጥላል። የለቅሶና የሕመም ቶፒክ ግን ምንም ቢመጣ አይዘጋም። ግሩፑን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ካለባችሁም የሦስታችሁንም ስልክ ቁጥር የመዝጊያው ጽሑፍ ላይ አኑሩ፣ መርዶ ያለው ሰው ይደውል።

ያኛው ግሩፕ፣ «እውነተኛው»፣ እስካሁን አለ። እኔም ውስጡ ነኝ፤ በአብዛኛው የቀልድ ቪዲዮና ስለ አድሚኖች ሐሜት ነው። ይኑር። ሰው የሚተነፍስበት ቦታ ሲያጣ ነው ዋናው ግሩፕ ላይ የሚፈነዳው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ብዙ ግሩፕ የተቸገረበት ነው። የግሩፑ ፈጣሪ ውጭ አገር ከመሄዱ ወይም ሲም ካርዱን ከመቀየሩ በፊት ባለቤትነቱን ያስተላልፍ። ቴሌግራም ይህን በዕለቱ አይፈቅድም፤ የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የበራ መሆን አለበት፣ በዚያ ስልክ አካውንቱ ውስጥ ከገባችሁም ቢያንስ 24 ሰዓት ያለፈ። ሰውየው ቦሌ ከደረሰ በኋላ ቢደወልለት ዋጋ የለውም። ዛሬ ማታ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና የይለፍ ቃሉን አብሩት፤ ቃሉን ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጡት።